ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ የአየር ለአየር ሚሳይልና ሁለቱ ጦርነቶቻችን

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሱ-30 የተሰኙትን ተዋጊ አውሮፕላኖች መረከቡ በይፋ ከተነገረ ወዲህ በከተሞቻችን ስለ ጦር መሣሪያ የሚደረገው ጭውውት በርትቷል። እኔ በማስተምርበት በአምቦ ብቻ ሳይሆን በጉደርና በጊንጪ ቡና ቤቶችም ወጣቶች የሚሳይሎችን ስም እንደ እግር ኳስ ተጫዋቾች ስም ሲደረድሩ መስማት የተለመደ ሆኗል። የትኛው ሩቅ ይመታል? የትኛው ይፈጥናል? ጎረቤቶቻችን ያላቸውስ ምን ዓይነት ነው? ጥያቄዎቹ በራሳቸው ነውር የለባቸውም። ሉዓላዊነቱን ማስከበር የሚፈልግ ሕዝብ ጋሻና ጦሩን ቢቆጥር አያስነቅፈውም። ይሁን እንጂ ጥያቄው በዚያው የሚያበቃ ከሆነ የገዛ ታሪካችንን አላነበብንም ማለት ነው።

ኢትዮጵያ በዘመናዊ ታሪኳ ሚሳይል የታጠቁ ተዋጊ አውሮፕላኖቿን በሌላ አገር ተዋጊ አውሮፕላኖች ላይ ሁለት ጊዜ አሰልፋለች። የመጀመሪያው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር፣ ሁለተኛው ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ነው። በሁለቱም ጊዜ የተፋላሚዎቹ ሚሳይሎች ወይ ከአንድ እናት የተወለዱ፣ ወይ ጭራሹኑ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ነበሩ። አበው እንደሚሉት ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው ነበር። ውጤቱ ግን እኩል አልሆነም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ፣ ዋጋውን ማን እንደከፈለና እኛ ዛሬ ከዚያ ምን ልንማር እንደሚገባን ነው።

ሚሳይል ሳይኖር

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። የምዕራብ ሸዋ ሰው ሰማይ የጦር ሜዳ መሆኑን ያወቀው የአየር ለአየር ሚሳይል ከመፈጠሩ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፋ ነበር። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ደግሞ አንድ ደርዘን ያህል ሲሆኑ ለውጊያ ሊውል የሚችል ከመካከላቸው ከቶ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቦምቡም የመርዝ ጋዙም የወረደው ተከላካይ ከሌለው ሰማይ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሆለታ፣ በስዊድን መኮንኖች እርዳታ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ከእነርሱ መካከል ወደ ምዕራብ አፈግፍገው የጥቁር አንበሳን ጦር ያቋቋሙት ወጣቶች በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሌሊት ከበው አቃጠሉ። የኢጣሊያ አየር ኃይል ጄኔራል የነበረው ቪንቼንዞ ማሊዮኮም ከጓዶቹ ጋር እዚያው ወደቀ። ጠላትን በሰማይ ላይ ማግኘት ያልቻለ ሠራዊት ጠላቱ መሬት እስኪነካ ጠብቆ መታው። በኋላም በጊንጪና በአካባቢዋ በልጅነታቸው የሸፈቱት ጃገማ ኬሎና ጓዶቻቸው ለአውሮፕላኑ የሰጡት ምላሽ የጭሊሞ ደንና የሌሊት ጨለማ ነበር።

ይህ ጀግንነት ነው። ሆኖም የጀግንነቱን ወሰንም ማየት ይገባል። ደን ውስጥ የተደበቀ አርበኛ ራሱን ያድናል፤ ከተማውን፣ ገበያውንና ሰብሉን ግን ከአውሮፕላን ሊያድን አይችልም። ሰማይን መጠበቅ በሰማይ ላይ የሚዋጋ ሰው ይጠይቃል። ከድል በኋላ በቢሾፍቱ አዲስ አየር ኃይል ለማቋቋም የተደረገው ጥረትም ከዚህ መራራ ትምህርት የመነጨ ነው። በወረራው ጊዜ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረሩት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ተመልሰው የመጀመሪያዎቹን ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች በማሠልጠን ረገድ ግንባር ቀደም ሆኑ። ቀጥሎ አሜሪካውያን መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ኤፍ-86፣ በ1966 ደግሞ ኤፍ-5 ጀት ተዋጊዎች ለአገራችን ደረሱ። ኢትዮጵያ ሚሳይል ተሸካሚ ተዋጊዎቿን ለከባድ ውጊያ ባሰለፈችበት ጊዜ የአብራሪነት ትምህርቷ የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ነበረው። አንባቢ ይህን ቁጥር እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጉግስ በሰማይ

የአየር ለአየር ሚሳይል የውጊያ ጥቅም ምንድን ነው? ጉግስ ላየ የአገራችን ሰው ማስረዳቱ አይከብድም። በጉግስ አባራሪው ከኋላ ደርሶ ዘንጉን ይወረውራል፤ ተባራሪው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል፣ ወይም ፈረሱን ድንገት አጥፎ ያመልጣል። የዘንጉ ርዝመት ብቻውን ማንንም አላሸነፈም። ማን ማንን ቀድሞ አየ፣ ማን ከማን ኋላ ገባ፣ የማን ፈረስ በቶሎ ይታጠፋል የሚሉት ናቸው ጨዋታውን የሚወስኑት።

ሳይድዋይንደር የተባለው የመጀመሪያው ስኬታማ ሙቀት ተከታይ ሚሳይል በአሜሪካ ባሕር ኃይል የቻይና ሌክ የምርምር ጣቢያ፣ በዊልያም ማክሊን መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1956 አገልግሎት ላይ ዋለ። አፍንጫው ላይ የተገጠመው መፈለጊያ ከጀት ሞተር የሚወጣውን ሙቀት አሽትቶ ይከተላል። በመጀመሪያው ትውልድ መፈለጊያው ደካማ ስለነበር ሚሳይሉ የሚሠራው ከጠላት ጅራት በስተኋላ ሲተኮስ ብቻ ነው። ፀሐይ ታታልለዋለች፤ የጋለ መሬት ያሳስተዋል፤ በኃይል የሚታጠፍ አውሮፕላን ያመልጠዋል። ስለዚህ ይህን ሚሳይል የታጠቀ አብራሪ ከሁሉ በፊት ጥሩ ጉግሰኛ መሆን ነበረበት።

ጥቅሙስ? ሦስት ነገሮችን መለየት ይበጃል። አንደኛ፣ የመግደያውን ርቀት አስፍቷል። የአውሮፕላን መድፍ በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ሲወሰን፣ ሚሳይሉ ይህን ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወሰደው። ሁለተኛ፣ ባይመታ እንኳ ያስገድዳል። ሚሳይል እንደተተኮሰበት ያወቀ አብራሪ የግድ መታጠፍ አለበት፤ ሲታጠፍ ፍጥነቱን ያጣል፣ ከጓዱ ይለያል፣ ቦምቡን ያለ ዒላማ ይጥላል፣ ነዳጁን ይጨርሳል። ስለዚህ የሳተ ሚሳይል ሁሉ የባከነ አይደለም። ሦስተኛ፣ ሳይተኮስም ይሠራል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥሩ ላይ እሾህ መኖሩን የሚያውቅ ጠላት መንገዱን ይቀይራል፣ ከፍታውን ይቀንሳል፣ ወይም ከነጭራሹ አይመጣም።

ወደ አፍሪካ ቀንድ ከመምጣታችን በፊት አንድ የሩቅ ምሥራቅ ታሪክ ማንሳት ግድ ይለናል። በመስከረም 1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) የታይዋን ኤፍ-86 አውሮፕላኖች ሳይድዋይንደርን ለመጀመሪያ ጊዜ በውጊያ ላይ በቻይና ሚግ-17 አውሮፕላኖች ላይ ተኮሱ። ከሚሳይሎቹ አንዱ በአንድ ሚግ አካል ውስጥ ሳይፈነዳ ተሰክቶ ቀረና አውሮፕላኑ ይዞት በሰላም አረፈ። ቻይናውያን ለሶቪየት ኅብረት ሰጡት፤ የሶቪየት መሐንዲሶችም ፈታትተው ኬ-13 የተባለውን አምሳያውን ሠሩ። በሚግ-21 ክንፍ ሥር ተንጠልጥሎ ዓለምን የዞረው ይህ ነው። እንግዲህ በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ የተገናኙት የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢ እና የሶማሊያ ሚግ-21 የታጠቋቸው ሚሳይሎች የሥጋ ዘመዳሞች ነበሩ።

የቬትናም ጦርነት ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረ። አሜሪካውያን የመድፍ ዘመን አልፏል ብለው ብዙዎቹን ኤፍ-4 ፋንተሞች ያለ መድፍ ላኩ። በራዳር የሚመራው ስፓሮው ከተተኮሰው አሥር ገደማ አንዱ ብቻ ነበር የሚመታው። ባሕር ኃይላቸው ምክንያቱን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1969 አብራሪዎችን ስለ ሚሳይሉ ጠባይና ስለ ቅርብ ውጊያ የሚያስተምር ልዩ ትምህርት ቤት ከፈተ። ቀድሞ ለአንድ ለጠፋ አውሮፕላን ከሁለት ብዙም ያልበለጠ የጠላት አውሮፕላን ይጥል የነበረው ባሕር ኃይል በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት አሥራ ሁለት ገደማ መጣል ጀመረ። በአመዛኙ በመሣሪያ ማሻሻያ ላይ የተማመነው አየር ኃይላቸው ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አላሳየም። ትምህርት ቤቱ ከአዲስ ሚሳይል የበለጠ ሠራ ማለት ነው።

ሐምሌ 1969

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮጵያ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረች ማስታወስ አያዳግትም። በየከተማው ደም ይፈስሳል፤ በሰሜን ጦርነት አለ፤ የካርተር አስተዳደር በሰብአዊ መብት ምክንያት እርዳታውን ቀንሷል፤ ደርግም በሚያዝያ ወር የአሜሪካን ወታደራዊ ተልእኮ ከአገር አስወጥቷል። የአሜሪካ አውሮፕላን የታጠቀ አየር ኃይል ከአሜሪካ መለዋወጫ የማያገኝበት ጊዜ ነው። ዘመናዊዎቹ ኤፍ-5ኢ አውሮፕላኖች ስምንት ያህል ብቻ ነበሩ። ሶማሊያ በአንጻሩ በሶቪየት እርዳታ የታነጸ፣ በሚግ-21 እና በሚግ-17 ብዛት የሚበልጥ አየር ኃይል ነበራት። በወረቀት ላይ ላሰላ ሰው መልሱ ግልጽ ይመስል ነበር።

የሶማሊያ መደበኛ ጦር በሐምሌ ወር ወረራውን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ሰለባዎች አንዱ ካውንት ፎን ሮዘን ነበሩ። በድርቅ ለተጎዱ ወገኖች እርዳታ ያደርሱ የነበሩት እኒህ ሰው ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በተከፈተው ጥቃት ተገደሉ። በቀጣዮቹ ቀናት ግን እርሳቸው ከመሠረቱት ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ሰማይ ላይ መልስ ሰጡ። በዚያ ወር በተደረጉ ተከታታይ ውጊያዎች ኤፍ-5ኢዎቹ በሳይድዋይንደርና በመድፍ በርካታ ሚጎችን ጣሉ። በአንዱ ውጊያ ሁለት ሚጎች ከሚሳይል ለማምለጥ ሲታጠፉ እርስ በርሳቸው ተጋጭተው እንደወደቁ የውጊያው ተራኪዎች ይናገራሉ። ከላይ የሳተ ሚሳይልም ይሠራል ያልኩት ለዚህ ነው። ከእነዚያ አብራሪዎች መካከል በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሠ ተፈራና ባልደረባቸው በዛብህ ጴጥሮስ ስማቸው በታሪክ ተጽፏል። ከዚህ ጦርነት በአየር ለአየር ፍልሚያ የወደቀ የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢ አለመኖሩም በሰፊው ይነገራል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ሚሳይሉ አንድ ዓይነት ነው ብለናል። የመጀመሪያው መልስ አውሮፕላኑና ሰውየው መግጠማቸው ነው። ኤፍ-5ኢ ትንሽ፣ ቀላል፣ በቶሎ የሚታጠፍ፣ አብራሪው ዙሪያውን በደህና የሚያይበት አውሮፕላን ነው። ሚግ-21 በከፍታና በፍጥነት ቢበልጥም ወደ ኋላ ማየት ያስቸግራል፤ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ይህን ብልጫ መጠቀም የሚችለው ውጊያውን ወደሚመቸው ከፍታና ፍጥነት የሚያወርድ፣ ሚሳይሉ መቼ እንደሚያይና መቼ እንደሚታወር የሚያውቅ አብራሪ ብቻ ነው። ሁለተኛው መልስ ዓይን ነው። በጅጅጋ አጠገብ በካራማራ ተራራ ላይ የተተከለው ራዳር የሚመጣውን ጠላት ቀድሞ እያየ አብራሪዎቹን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራ ነበር። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትያዝ ይህ ዓይን ጠፋ፤ ይሁን እንጂ እስከዚያ ድረስ የሰማዩ የበላይነት ተይዞ ነበር። ሦስተኛው መልስ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ይኸውም መሬት ላይ ያለው ቴክኒሻን። አሜሪካውያኑ ከወጡ በኋላ እነዚያን አውሮፕላኖች በየቀኑ ወደ ሰማይ የመለሰው የኢትዮጵያዊ መካኒክ እጅ ነበር።

የዚህ ድል ዋጋ በወደቁ ሚጎች ቁጥር ብቻ አይለካም። የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋና ሐረር ደጃፍ ሲደርስ የስንቅና የነዳጅ መስመሩ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ረዝሞ ነበር። ከላይ የሚጠብቀው አውሮፕላን ያጣ የመኪና ተጓዥ መስመር ለኤፍ-5ም ሆነ ለሌሎች አውሮፕላኖች የተጋለጠ ሆነ። የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ጦር በብዛት እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ ኅዳር 1970 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ የሚያስፈልጋት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ በምድር ላይ ሚሊሺያውና መደበኛው ጦር በደማቸው ሲገዙላት፣ በሰማይ ላይ ደግሞ ጥቂት አብራሪዎችና ጥቂት ሚሳይሎች ገዙላት። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ የተገኘው ድል ከዚያ የሐምሌ ሰማይ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ሰውን የማባከን ልማድ

ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሶማሊያ እጅ ወደቁ። የወደቁት በተዋጊ አውሮፕላን ሚሳይል አይደለም። ከ1980 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ስምምነት በኋላ እስኪለቀቁ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ በእስር ማቀቁ። ይህ ጠላት ያደረሰው በደል ነው። እኛ ራሳችን በራሳችን ላይ ያደረስነውስ?

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ አየር ኃይሉ ብዙ የበሰሉ መሪዎቹን አጣ። የአየር ኃይል አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ዐምሃ ደስታ ሞቱ፤ ከእርሳቸው በፊት አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይም ሕይወታቸውን ያጡት ከዚሁ ሙከራ ጋር በተያያዘ ነው። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ደግሞ ሠራዊቱ በጅምላ ፈረሰ። አብራሪዎች ታሰሩ፣ ተበተኑ፣ ከአገር ተሰደዱ። አንድ ተዋጊ አብራሪ ለማፍራት የሚፈጀውን ዓመትና ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰማው ቁጭት ቀላል አይደለም። ሥርዓቱን መቃወም አንድ ነገር ነው፤ ሥርዓቱ በሕዝብ ገንዘብ ያሠለጠነውን ሰው ከሥርዓቱ ጋር መቅበር ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር ሁለቱ ተለይተው አያውቁም። አዲስ መንግሥት የሚመጣው ሁልጊዜ ታሪክን ከአንድ ለመጀመር ነው።

ባድመ

ዕዳው የተጠየቀው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት ሲፋፋም መንግሥት ካሰናበታቸው አብራሪዎች የተወሰኑትን ፈልጎ መልሶ ጠራ። አገር ከጠራች ብለው መጡ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ከእነዚያ የቀድሞው ትውልድ አብራሪዎች አንዱ ናቸው። በደርግ ዘመን በኤርትራ ተማርከው የነበሩት እኒህ ሰው በግንቦት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ አሥመራ ላይ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ዳግመኛ ተማረኩ፤ ከዚያ በኋላ የደረሰባቸው በይፋ ሳይነገር ዘመን አለፈ።

በዚያው ሰሞን፣ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ በጣሉት ቦምብ የአይደር ትምህርት ቤት ተመታ። ከሃምሳ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል። ያን ዕለት መቀሌን የደበደቡት ፈጣን ተዋጊዎች አልነበሩም፤ ከማሠልጠኛ አውሮፕላንነት የመጡ ቀላል ጀቶች ነበሩ። ንቁ ራዳርና ለመነሳት የተዘጋጀ ተዋጊ ቢኖር ኖሮ እነዚህን ለማስቆም የዓለም ምርጡ ሚሳይል አያስፈልግም ነበር። አጥር ያልነበረው ግቢ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ወደ ገበያ ሮጡ። ኤርትራ ሚግ-29፣ ኢትዮጵያ ሱ-27 ገዙ። ሁለቱም አውሮፕላኖች የሶቪየት ዘመን ሥሪት ናቸው፤ ሁለቱም አር-27 እና አር-73 የተባሉትን ሚሳይሎች ይታጠቃሉ። የካቲት 18 እና 19 ቀን 1991 ዓ.ም. በባድመ ግንባር ሰማይ ላይ ሲገናኙ ሱ-27 እና ሚግ-29 በታወቀ ጦርነት ሲፋለሙ ዓለም ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት የአፍሪካ ድኻ አገሮች የሌሎችን መሣሪያ በልጆቻቸው ሕይወት ፈተኑት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ፈተናው ምን አሳየ? ረጅም ርቀት የሚሄደው፣ በራዳር የሚመራው አር-27 እንደ ስፓሮው በቬትናም ሁሉ የተወራለትን ያህል አልሠራም። በአቪዬሽን ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደው ትረካ በርካታ አር-27 ተተኩሰው አብዛኞቹ እንደሳቱና አውሮፕላኖቹ የወደቁት በዋነኛነት በቅርብ ርቀቱ ሙቀት ተከታይ በአር-73 እንደሆነ ነው። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። በራዳር የሚመራውን አር-27 የተኮሰ አብራሪ ሚሳይሉ እስኪደርስ ድረስ አውሮፕላኑን ወደ ጠላት አቅንቶ በራዳሩ ማብራት አለበት። ጠላት ደግሞ የማስጠንቀቂያ መሣሪያው ሲጮህ ታጥፎ ይሸሻል። ሁለቱም ተመሳሳይ ሚሳይል ስለታጠቁ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ተኩሰው ይታጠፋሉ። አር-73 ግን አብራሪው የራስ ቁሩ ላይ በተገጠመ ማነጣጠሪያ ወደ ጎን ያየውን ሁሉ መከተል የሚችል ሚሳይል ነው። ስለዚህ ውጊያው ዞሮ ዞሮ ወደ ጉግሱ ተመለሰ።

ሱ-27 እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ብልጫ ነበረው፤ የሚሸከመው ነዳጅ ከሚግ-29 በእጥፍ ይበልጣል። ውጊያው ሲረዝም አንዱ ይቆያል፣ ሌላው ወደ ጣቢያው ለመመለስ ይገደዳል። ፊቱን ያዞረ ተዋጊ ደግሞ ጅራቱን ለሙቀት ተከታይ ሚሳይል ሰጠ ማለት ነው። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ፣ ያን ሁሉ ካባከነች በኋላም፣ ከኦጋዴን ዘመን የተረፈ የበረራና የጥገና ልምድ ነበራት። ከአሥር ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ የነበረው የኤርትራ አየር ኃይል አውሮፕላኑን ሊገዛ ይችላል፤ ያን ልምድ ግን የሚገዛበት ገበያ አልነበረም። ስንት አውሮፕላን እንደወደቀ የሁለቱ ወገኖች መግለጫ ባይስማማም የበላይነቱ ወደ ኢትዮጵያ ማጋደሉ አያከራክርም።

የሠላሳውን ዓመት ቁጥር ያዙልኝ ያልኩት እንግዲህ ለዚህ ነበር። ሱ-27 የመጣው በወራት ውስጥ ነው። የተሳካለት ግን በሦስት መንግሥታት ሥር፣ ብዙ ጊዜም ከመንግሥታቱ ፍላጎት ውጪ፣ ከትውልድ ትውልድ በተረፈ እውቀት ነው።

ሚሳይሉ የማይመልሰው ጥያቄ

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር መጨመር ግድ ይለኛል። የአየር ለአየር ሚሳይል የስልት መሣሪያ ነው፤ ጦርነትን ያሸንፍ ዘንድ ይረዳል፤ ጦርነቱ ለምን እንደተጀመረና እንዴት እንደሚቋጭ ግን አይወስንም። በባድመ ሰማይ የበላይ ሆነን ሳለን በምድር ላይ ከሁለቱ ወገን ያለቀው ሰው በአብዛኛው ከሰባ ሺህ በላይ ይገመታል። ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ሰላም ተፈረመ፤ የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ፤ ኢትዮጵያም ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደምትቀበል በ2010 ዓ.ም. አስታወቀች። በሰማይ የተገኘው በጠረጴዛ ላይ ካልተያዘ እንዲህ ይሆናል።

ሌላም አለ። የአየር ለአየር ሚሳይል ተፈጥሮው ከውጭ የሚመጣን አውሮፕላን መግታት ነው። ባለፉት ዓመታት ግን በትግራይ በነበረው ጦርነትም ሆነ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በቀጠሉት ግጭቶች ከሰማያችን የተተኮሰው ከአየር ወደ ምድር፣ በገዛ አገራችን መሬት ላይ የሚያርፍ የድሮን ሚሳይል ነው። የዚህን ክልል ገበሬ ስለ ሰማይ ብንጠይቀው ስለ ሱ-30 የክንፍ ርዝመት አያወራንም። በጭሊሞ ደን ተጠልለው የነበሩት የአርበኞች የልጅ ልጆች ወደ ሰማይ በሥጋት እንዲያዩ የሚያደርግ ፖለቲካ ባለበት አገር የጦር መሣሪያ ትርኢት ሙሉ ኩራት ሊሆን አይችልም። የ1969 ዓ.ም. አብራሪዎች ከአምቦ እስከ ድሬዳዋ ያለ ሁሉ በአንድ ድምፅ የሚያከብራቸው ፊታቸውን ወደ ድንበር፣ ጀርባቸውን ወደ ሕዝባቸው ስለሰጡ ነው።

ስለዚህ በቡና ቤት ለሚከራከሩት ተማሪዎቼና ለእናንተም አንባቢያን ጥያቄውን እንድንለውጠው እጠይቃለሁ። ሚሳይሉ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ከማለታችን በፊት፣ አብራሪው በዓመት ስንት ሰዓት ይበርራል እንበል። ራዳሩን ማን ያያል፣ አውሮፕላኑን ማን ይጠግናል እንበል። ከሁሉም በላይ ነገ መንግሥት ቢለወጥ ይህ አብራሪና ይህ ቴክኒሻን በሥራቸው ላይ ይቆያሉ ወይ ብለን እንጠይቅ። ለዚህ የመጨረሻ ጥያቄ አዎ ብሎ መመለስ የሚችል ሥርዓት እስካልገነባን ድረስ የምንገዛው ፈረስ እንጂ ፈረሰኛ አይሆንም። ፈረሱንማ ጎረቤትም ይገዛዋል።

ቸር ይግጠመን።